ለሰፈራችን ቅያስ ቀለምና ጣውላ እናዋጣ

ሰላም የጎንደር ልጆች፣ እዚህም ያላችሁ ውጭም ያላችሁ፣ እስኪ አንዴ ስሙን።

ከፒያሳ ወረድ ብላ ያለችው የኛ የኮብልስቶን ቅያስ ላይ ልጆቹ በከሰል ሰኞ ማክሰኞ ያሰምራሉ፣ ገና አንዷ ባንድ እግሯ መዝለል ስትጀምር ባጃጅ ጥሩምባውን እያንባረቀ ይመጣል፣ ሁሉም ግድግዳ ላይ ልጥፍ ይላሉ፣ ሲያልፍ ይመለሳሉ፣ ወዲያው ደሞ ሌላ። ከቅዳሜ ገበያ ዘንቢል ተሸክመው የሚመለሱ እናቶችም አረፍ የሚሉባት አንዲት አግዳሚ የለችም፣ ይሄ በጣም ያሳዝነናል።

ስለዚህ ቅያሷን ቅዳሜና እሁድ ለመኪና ዘግተን መቀመጫ፣ ገበጣ፣ የልጆች መጫወቻና ቡና ልናደርግባት አስበናል፣ መሬቱ ላይ የሰፈሩ ሰዓሊ ልጆች ይስሉበታል፣ ቀለሙ በውሃ የሚለቅ ነው፣ ሰኞ ጠዋት ታጥቦ መንገዱ ይከፈታል።

ነገሩ ለኛ አዲስ አይደለም እኮ። ለሰርግም ለለቅሶም መንገድ ላይ ድንኳን እንጥላለን፣ ለጥምቀት ወጣቱ ምንጣፉን ከኋላ እየጠቀለለ ወደፊት እየሮጠ ታቦቱ ፊት ያነጥፋል፣ ያን ቀን መንገዱ የሰው ነው። በፈረንጆቹ 2005 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ አርቲስቶች ለአንድ መኪና ማቆሚያ ሂሳብ ከፍለው ሳር አንጥፈው ዛፍና አግዳሚ አድርገውበት ለሁለት ሰዓት ፓርክ አረጉት፣ ከዛ ብዙ ከተማ ተዛመተ። አዲስ አበባም በ2011 ዓ.ም መንገድ ለሰው ብላ መንገዶቿን ዘግታ ህዝቡ ወጥቶባታል። ለጥቂት ቀን የሚሰራ ነገር ጥሩነቱ ወጪው ትንሽ ነው፣ ነዋሪው ሞክሮት ከወደደው ለቋሚው ለመጠየቅ አፍ ይኖረናል።

ድንኳንና ወንበር እድራችን ያውሰናል። የጎደለን ቀለም፣ ብሩሽ፣ ጣውላ፣ ሚስማርና የአናጢ የእጅ ዋጋ ነው። ያገለገለ ጣውላም አሮጌ የመኪና ጎማም እንቀበላለን፣ አናጢ የሆናችሁ ደሞ ግማሽ ቀን ብትሰጡን ከብር በላይ ነው። ብር ለምትልኩ በውስጥ መስመር ጻፉልን፣ የገንዘብ ያዣችንን አካውንት እንልካለን፣ የገባውም የወጣውም ከነደረሰኙ እዚሁ ይለጠፋል፣ ከተረፈም ለእድሩ ወንበር ማሳደሻ ይገባል።

ለቀበሌና ለትራፊክ ማመልከቻ አስገብተናል፣ ፈቃድ ሳናገኝ አንዘጋም፣ ለአምቡላንስ የሚሆን መተላለፊያም በአንድ በኩል ክፍት ይሆናል። በራችሁ ወደ ቅያሷ የሚከፈት እትዬዎችና ጋሼዎች፣ በነዛ ቀናት መኪና የምታስወጡ ወይ በሽተኛ ያለባችሁ ካላችሁ ካሁኑ ንገሩን፣ አቀማመጡን በናንተ ልክ እናስተካክላለን።