ስለ ብሽሽት እብጠት

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ብዙ ሰው በብሽሽቱ ላይ የወጣውን እብጠት ከቤተሰቡ ሳይቀር ስለሚደብቅ፣ በጋዜጣችሁ የጤና ዓምድ ጉዳዩ በስፋት እንዲነሣ እጠይቃለሁ። የእግር ቁስል ወይም የአባላዘር በሽታ የሚያስከትለው ንፍፊት መንስኤው ሲታከም አብዛኛውን ጊዜ ይጠፋል፤ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ፣ ከጠነከረ ወይም ትኩሳትና የክብደት መቀነስ ካጀበው ግን ሐኪም ሊያየው ይገባል።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ ቡአ ነው። ሲያስሉ ወይም ሸክም ሲያነሡ የሚወጣውና ሲጋደሙ የሚመለሰው ይህ እብጠት፣ አንጀት ወይም የሆድ ውስጥ ስብ በሆድ ግድግዳ ክፍተት ሾልኮ ሲወጣ የሚፈጠር ስለሆነ፣ መታሸትም ሆነ በመቀነት መታሰር ክፍተቱን አይደፍነውም፤ የሚደፍነው ቀዶ ሕክምና ነው። በሕፃናትም እንዲሁ ነው፤ የእትብት ቡአ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ሲጠፋ፣ የብሽሽቱ ግን አይጠፋም። ከብሽሽት ትንሽ ዝቅ ብሎ ጭን ሥር የሚወጣውና በሴቶች ላይ የሚበዛው ዓይነት ደግሞ አንጀት የመታነቅ አደጋው ከፍ ያለ ነው።

እብጠቱ አልመለስ ካለ፣ ድንገት ክፉኛ ካመመ፣ ቆዳው ከቀላ ወይም ከጠቆረ፣ አለዚያም ማስመለስ ከመጣና ፈስና ዓይነ ምድር ከቆመ፣ የታነቀው አንጀት በሰዓታት ውስጥ ሊሞት ስለሚችል፣ እስኪነጋ ሳይጠብቁ ቀዶ ሕክምና ወደሚሰጥ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።

አንድ አንባቢያችሁ