ኪንታሮት ሁሉ ኦፕራሲዮን አይፈልግም

ለአዘጋጁ፦ ስለ ፊንጢጣ ኪንታሮት (ያበጡ የደም ሥሮች) ኦፕራሲዮን ያወጣችሁት ጽሁፍ አንድ ነገር ጎድሎታል። በሽታው በጣም የተለመደ ነው፣ 50 ዓመት ካለፋቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉን ይይዛል ይባላል፣ ግን ብዙ ሰው ኦፕራሲዮን ፈርቶ ደም እያየ ዝም ይላል። ፊንጢጣ ውስጥ ያለው ኪንታሮት ገና ካልባሰ ግን ሥሩ ላይ በትንሽ ላስቲክ ይታሰርና ደም ስለማይደርሰው በሳምንት አካባቢ ደርቆ ይወድቃል፣ ቦታው ህመም ብዙም ስለማይሰማው ሙሉ ማደንዘዣም አያስፈልግም። ቆርጦ ማውጣቱ (እሱ እውነት ያማል፣ በተለይ የመጀመሪያው ሰገራ) በአብዛኛው ወጥቶ አልመለስ ላለው ነው። ደግሞ ደም ሁሉ ኪንታሮት አይደለም፣ የአንጀት ካንሰርም ሊሆን ስለሚችል ሳይታዩ ቅባት ብቻ እየቀቡ መቀመጥ አደገኛ ነው። በሚቀጥለው እትም የበሽታውን አራት ደረጃዎች ከነህክምናቸው በአንድ ሰንጠረዥ ብታወጡልን።