አንድ ሳጥን፣ ሃያ አባላት፦ የቼዝና የገበታ ጨዋታዎች ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ክበባችን እስካለፈው ዓመት ድረስ የሚታወቀው በቼዝ፣ በዳማና በገበጣ ነበር። ዘንድሮ በጥቅምት ወር ግን አንዲት የሰባተኛ ክፍል አባላችን ጀርመን አገር የምትኖረው አክስቷ የላከችላትን «ካርካሶን» የተባለ ጨዋታ ይዛ መጣች፤ ሳጥኑንም ለዓመቱ በውሰት ሰጠችን። ቼዙ አልተቋረጠም፤ በየካቲት በተደረገው የክፍሎች ውድድርም አባሎቻችን በሚገባ ተሳትፈዋል። ሆኖም የረቡዕ ከሰዓት ጊዜያችን አብዛኛው ያለፈው በዚህ ሳጥን ዙሪያ ስለሆነ፣ ዘገባዬም የሚያተኩረው በእርሱ ላይ ነው።

ጨዋታውን የፈጠረው ክላውስ ዩርገን ቭሬደ የተባለ ጀርመናዊ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2000 ታትሞ በተከታዩ ዓመት በአገሩ «የዓመቱ ጨዋታ» የሚባለውን ታዋቂ ሽልማት አግኝቷል። በሳጥኑ ውስጥ 72 ባለ አራት ማዕዘን ወፍራም ካርቶኖች አሉ። ተማሪዎቻችን «ካርታ» የሚል ስም አወጡላቸው፤ እንደ መጫወቻ ካርታ አንድ በአንድ ስለሚወጡና ጠረጴዛ ላይ ሲገጣጠሙ ደግሞ የአንድ አገር ካርታ ስለሚመስሉ፣ ስሙ በሁለቱም ትርጉሙ ይስማማቸዋል። ተራ የደረሰው ተጫዋች አንድ ካርታ አውጥቶ መንገዱ ከመንገድ፣ ግንቡ ከግንብ፣ መስኩ ከመስክ እንዲገጥም አድርጎ ያስቀምጣል፤ ከፈለገም ካሉት ሰባት የእንጨት ሰዎች አንዱን በዚያው ካርታ ላይ ያቆማል። ከተማ ዙሪያው ሲዘጋ በካርታ 2 ነጥብ፣ መንገድ ጫፍና ጫፉ ሲያልቅ በካርታ 1 ነጥብ ያስገኛል፤ ገዳም ደግሞ በስምንት ካርታዎች ሲከበብ 9 ነጥብ ነው። ነጥቡን ያስገኘው ሰው ወደ ባለቤቱ እጅ ይመለሳል። መስክ ላይ የሚተኛው፣ «ገበሬ» የሚባለው ሰው ብቻ እስከ ፍጻሜው አይነሣም፤ በመጨረሻ መስኩን ለሚነካ ለእያንዳንዱ የተዘጋ ከተማ 3 ነጥብ ያመጣል።

ሳጥኑ የሚያጫውተው ከሁለት እስከ አምስት ሰው ነው፤ አባሎቻችን ግን ሃያ ናቸው። ስለዚህ ለአንድ ቀለም ሁለት ሁለት ተማሪዎች መደብን፤ አሥሩ በካርታው ሲጫወቱ አሥሩ በቼዝና በገበጣ ይቆያሉ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ይቀያየራሉ። ይህን ያደረግነው ቸግሮን ቢሆንም፣ የዓመቱን ትልቅ ጥቅም ያገኘነው ከዚሁ ነው ብዬ አምናለሁ። ቼዝ ላይ የተቀመጠ ልጅ በልቡ አስቦ በዝምታ ያንቀሳቅሳል፤ አንድ ካርታ ለሁለት የያዙ ልጆች ግን ከማስቀመጣቸው በፊት መተማመን አለባቸው። በክፍል ውስጥ ድምፁን ሰምቼው የማላውቅ አንድ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ በኅዳር መጨረሻ ላይ ጓደኛውን ሲያሳምን አዳመጥኩት። ሦስት ካርታ የደረሰ፣ ተጨማሪ ነጥብ የሚያስገኝ የጋሻ ሥዕል ያለበት ከተማ ነበራቸው፤ በእጃቸው የገባው ካርታ ሊዘጋው ይችላል፤ ጓደኛው ግን ከተማውን ማስፋት ፈለገ። ልጁ በጣቱ ጠረጴዛው ላይ እየጻፈ፣ አሁን ብንዘጋው ለአራቱ ካርታ 8፣ ለጋሻው 2፣ በድምሩ 10 ነጥብ እናገኛለን፤ ሳይዘጋ ጨዋታው ካለቀ ግን ግማሹን ብቻ፣ ሰውያችንም እስከዚያ ታስሮ ይቀራል አለው። ዘጉት። ይኸው ልጅ ከዚያ በኋላ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ እጁን ሲያወጣ ማየቴን እዚህ መዝግቤ ባልፍ ደስ ይለኛል።

ከጥር ፈተና በኋላ አባላቱ የካርታዎቹን ዓይነት ቆጥረው በትልቅ ወረቀት ላይ ጻፉና ግድግዳ ላይ ለጠፉ። ዓይነቱ 24 ሆነ። ገዳም ያለባቸው ስድስት፣ ጠማማ መንገድ ብቻ ያለባቸው ዘጠኝ፣ አራቱም ጎኑ ከተማ የሆነ ደግሞ አንድ ብቻ። ከዚያ ወዲህ «ይወጣል» ብሎ መጠበቅ ቀረ፤ የሚፈለገው ካርታ ስንት እንደቀረ ከግድግዳው አይተው ማስላት ጀመሩ። የይሁንታ ዕድልን ሳስተምር ለዓመታት ሳንቲም ስወረውር ኖሬአለሁ፤ ይህን ያህል የተከራከሩበት ምሳሌ ግን አልነበረኝም።

ሳጥኑ ዓርብ ወጥቶ ሰኞ እንዲመለስ፣ በተራ ወደ አባላት ቤት እንዲሄድ የወሰንነው በኅዳር ወር ነው። አንዳንድ ወላጆች ልጆቹ ጥናታቸውን እንዳይተዉ ሠግተው ነበር፤ ሥጋታቸው ተገቢ ስለሆነ በፈተና ሳምንታት ሳጥኑ ከቁም ሣጥኑ አልወጣም። አብሮት የሚሄድ ደብተር አዘጋጅተን ማን ከማን ጋር እንደተጫወተ ቤተሰቡ እንዲጽፍበት አደረግን። እስከ ግንቦት ወር ድረስ አሥራ ሰባት ቤቶች ደርሷል። በካርታዎቹ ላይ አንድም ፊደል ስለሌለ፣ ማንበብ የማይችሉ ትንንሾችም አረጋውያንም እኩል ተጫውተዋል። ከደብተሩ ደጋግሜ ያነበብኩት ገጽ የአንዲት አባላችን ነው፦ ከገጠር የመጡት አያቷ ሌሎቹ ለከተማና ለመንገድ ሲሽቀዳደሙ፣ ገና በሦስተኛው ተራቸው አንዱን ሰው መስክ ላይ አስተኙት፤ የልጅ ልጆቻቸው እንደማይነሣ ቢነግሯቸው፣ ገበሬ መሬቱን ትቶ ወዴት ይሄዳል ብለው መለሱላቸው። በመጨረሻ ሰባት የተዘጉ ከተሞች መስካቸውን ነክተው 21 ነጥብ አስቆጠሩ፤ አሸነፉም። ልጅቷ ነጥቡን በቀይ እስክሪብቶ ሁለት ጊዜ አስምራበታለች።

በመጋቢት አንድ ካርታ ጠፋ፤ ሦስት መንገዶች የሚገናኙበት ነው። ከየት እንደጠፋ አልመረመርንም። ሁለት ተማሪዎች ከጫማ ካርቶን ቆርጠው በቀለም እርሳስ ሠርተው ተኩት፤ ሥዕሉ በጣም አምሮ ነበር። ነገር ግን ካርታዎቹን የምናወጣው ከጨርቅ ከረጢት ስለሆነ፣ እጁን የከተተ ሁሉ የካርቶኑን ውፍረት በጣቱ ለይቶ ያውቀዋል። ለሁለት ሳምንት አሸዋ ወረቀት እስከ መሞከር ደረስን። መፍትሔውን ያመጣችው የሳጥኑ ባለቤት ናት። የጨዋታው መነሻ ካርታ ጀርባው ጠቆር ያለ ሲሆን፣ ሁልጊዜ አስቀድሞ ተገልጦ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ነው። እርሱ ወደ ከረጢቱ ይግባ፣ የኛ ካርቶን በቦታው መነሻ ይሁን አለች። ከረጢት ውስጥ የጀርባ ቀለም አይታይም፤ መነሻውን ደግሞ ማንም በጣቱ አይፈልገውም። ቁጥሩም እንደገና 72 ሞላ።

የታሪክ መምህሩ አንድ ረቡዕ መጥተው፣ ጨዋታው ስሙን የወሰደባት ካርካሶን በደቡብ ፈረንሳይ የምትገኝ፣ በሁለት ረድፍ ግንብ የታጠረች፣ እ.ኤ.አ. በ1997 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበች ጥንታዊ ከተማ መሆኗን በፎቶግራፍ አስረድተዋል፤ ተማሪዎቹም ከሐረር ጀጎል ግንብ ጋር እያነጻጸሩ ብዙ ጠየቁ። ላደረጉልን ትብብር በአባላቱ ስም አመሰግናለሁ።

የመጨረሻው ስብሰባችን በሰኔ መጀመሪያ ቅዳሜ ጠዋት ወላጆች በተገኙበት ተደረገ። ለአንድ ቀለም አንድ ተማሪና አንድ የቤተሰብ አባል ተመድበው ተጫወቱ፤ ያለተራቸው የቆሙትም ከኋላ ሆነው ከመምከር አልተቆጠቡም። ጠረጴዛው ስላልበቃ ካርታው በስተመጨረሻ ወንበር ተጠግቶለት ነው የቀጠለው። ሳጥኑ ክረምቱን በባለቤቷ ቤት ይከርማል፤ መስከረም ላይ ይዛው እንደምትመለስ ቃል ገብታልናለች። በጫማ ካርቶን የተሠራውን መነሻ ካርታ ግን በቁም ሣጥናችን እንዲቆይ ትታልናለች።