ከአሸዋ በታች የሚተኛው አምላክ፦ የሥነ ጽሑፍ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ዘንድሮ ክበባችን ግጥም ማንበቡን ቀነስ አድርጎ አንድ የፈጠራ ዓለም ሲገነባ ከረመ። ስሙ ኢልሳር ነው። ካርታም፣ ነገሥታትም፣ የዘመን አቆጣጠርም ወጥቶለታል። እነሱን አልዘረዝርም፤ አብዛኛው ከዚህም ከዚያም የተቃረመ ነው። ደሹም የተባለው አምላክ ግን ይለያል።

መጀመሪያ "የተፈጥሮ አምላክ ፍጠሩ" ሲባል ልጆቹ ያመጡት በረዶ በተጋገረበት ጫካ የሚኖር ባለጢም ሽማግሌ ነበር። ድሬዳዋ ተቀምጦ በረዶ! አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ "አቦ፣ እኛ የምናውቀው ወንዝ እኮ ውሃ የለውም" አለች። ደሹም የተወለደው ያኔ ነው።

ደሹም በደረቅ ወንዝ ውስጥ፣ ከአሸዋው በታች ይተኛል። ዓይን የለውም። ጆሮዎቹ የዛፍ ሥሮች ናቸው። ተራራው ላይ ዝናብ ሲጥል ሥሮቹ ይነግሩታል፤ ቀስ ብሎ ይነሳል። ዛፉ ከተቆረጠ ግን ወሬው አይደርሰውም። ውሃው ራሱ ሲመታው በርግጎ ይነሳና ያገኘውን ሁሉ ጠራርጎ ይሄዳል።

ታዲያ ክፉ ነው? በዚህ ስንት ሳምንት ተከራከርን። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ከተማችንን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲገድል ከአባላቱ አንዱም አልተወለደም። ወሬው ግን በየቤቱ አለ። የጂኦግራፊ መምህራችን መጥተው ያን ጎርፍ ያመጣው በላይ በሐረርጌ ደጋ የጣለው ዝናብ መሆኑን፣ የተራቆተ መሬትም ውሃ እንደማይዝ አስረዱን። ከዚያ ወዲህ ልጆቹ የደሹምን ቁጣ ከጽሑፉ አወጡት። ደግ አደረጉ። የተቆጣን አምላክ መለማመጥ ይቻላል፤ ያልሰማን ግን ምን ይሉታል?

አንድ ወላጅ "ልጄን ጣዖት ልታስተምሩት ነው እንዴ?" ብለው መጡ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ያለበት ክበብ ስለሆነ ጥያቄው ይጠበቃል። ደብተሩን ሰጠኋቸው። ቁጭ ብለው አነበቡና "ለካ ተረት ነው!" አሉ። ከዚያ ስለ ጎርፉ ሌሊት ያዩትን ያወሩልን ጀመር። ልጆቹ እስክሪብቶ አውጥተው ጻፉ።

በወላጆች ቀን ያቀረብነው ድራማ አጭር ነበር። ጆንያ ለብሶ ደሹምን የተጫወተው ልጅ በሙቀት ሊያልቅ ምንም አልቀረውም።

አሁን የ9ኛ ክፍሎቹ ደሹምን ካልዳርን ብለዋል። ሚስቱ ጨረቃ ትሁን ነፋስ ገና አልተስማሙም። ክርክሩ መስከረም ላይ ይቀጥላል። አባል መሆን የሚፈልግ ረቡዕ ከሰዓት ቤተ መጻሕፍት ይምጣ፤ የጨረቃ ወገን ሰው አንሶታል።