«ያቃጥለኛል» ሲሉ እንስማቸው

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

በደም ስር የሚሰጥ መድኃኒት ከደም ስሩ ሾልኮ ሥጋ ውስጥ ሲፈስ ምን እንደሚያደርስ ብዙ አስታማሚ አያውቅም። ደሴ ውስጥ የአክስቴን እጅ አይቻለሁ። መርፌው የተሰካበት ቦታ አበጠ፣ ቀላ፣ ውሃ ቋጠረ፣ ከዚያ ጠቆረ። «ያቃጥለኛል» ስትል ክፍሉ ውስጥ ያለው ሁሉ «አብሽሪ እናቴ፣ ግሉኮስ ነው» ይላታል። የደሴ ብርድ ደግሞ እጅን ጋቢ ውስጥ ያስደብቃል። እብጠቱን ማን ይየው?

ተራ ግሉኮስ ቢፈስ አብዛኛውን ጊዜ እብጠቱ ይጎድላል። ካልሲየም፣ 40 ፐርሰንት ግሉኮስ፣ እንደ ዶክሶሩቢሲን ያሉ የካንሰር መድኃኒቶች ግን ሥጋ ይገድላሉ። ከሌላ ቦታ ቆዳ ወስዶ እስከ መለጠፍ ያደርሳሉ።

ካቃጠለ ወይም ካበጠ ወዲያው ነርስ ይጠራ፤ መድኃኒቱ ይቁም። አስታማሚ ካኑላውን፣ ማለትም ደም ስር ውስጥ የገባውን ቀጭን ቱቦ፣ አይንቀል፤ የፈሰሰውን በዚያው መልሶ ለመሳብ ይጠቅማል። እጁም አይታሽ። በረዶ ነው ሙቅ የሚያዘው የሚለው እንደ መድኃኒቱ ይለያያል፣ በግምት አይሆንም።

ነርሶቻችን ሥራ እንደሚበዛባቸው አውቃለሁ። ቢሆንም እባካችሁ በየዙሩ ጋቢውን ገለጥ አድርጋችሁ እጁን እዩልን። የሕፃናቱን ደግሞ አብልጣችሁ፤ እነሱ «ያቃጥለኛል» ማለት አይችሉም።

አንድ አንባቢ፣ ከኮምቦልቻ