የልጅሽን ጥያቄ አልረሳሁትም

አዲስ አበባ፣ መጋቢት 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ልጅሽስ እንዴት ናት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እማዬም ደህና ናት። በዓል በመጣ ቁጥር ስምሽን ሳታነሳ አትውልም፤ «ያቺ ልጅ ሮም ገብታ ቀረች» ትልና ዝም ትላለች።

እንደተቀየምሽኝ አውቃለሁ። ብትቀየሚም አልፈርድብሽም። የመጨረሻ መልእክትሽ በ2013 ነው የመጣው። ልጅሽ ከትምህርት ቤት መጥታ «እማ፣ አድዋ ላይ ያሸነፍነው እኛ ከሆንን እዚህ ለምን አይነግሩንም?» ብላ እንደጠየቀችሽ ጻፍሽልኝ። «አንቺ የታሪክ አስተማሪ ነሽ፣ ምን ልበላት?» አልሽኝ። ይኸው እስከ ዛሬ አልመለስኩልሽም።

ስንት ጊዜ ጀምሬ እንደሰረዝኩት ብነግርሽ አታምኚኝም። ያ ዓመት ምን ዓይነት እንደነበር ታውቂያለሽ። አድዋ ራሷ ጦርነት ውስጥ ነበረች። ስልክ የለም፣ መብራት የለም። እኔ እዚህ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሜ የ1888ቱን ጦርነት አስተምራለሁ። አንዲት ተማሪ እጇን አወጣችና «ቲቸር፣ አሁን የሚዋጉት ያኔ አብረው የዘመቱት ሰዎች ልጆች ናቸው?» አለችኝ። «አዎ» አልኳት። ሌላ ቃል ከአፌ አልወጣም። ማታ ላንቺ ልጅ ስለ አገር ፍቅር ልጽፍ ቁጭ ስል እጄ እምቢ አለኝ። ዛሬ ነገ ስል ዓመታት አለፉ። ይቅር በይኝ።

አሁን ግን መጻፍ አለብኝ። በዚህ ጥርና የካቲት ክፍል ውስጥ የገጠመኝን ላንቺ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ?

እኛ እንዴት እንደተማርን ታስታውሻለሽ? ቀን፣ ዓመተ ምህረት፣ የጄኔራል ስም። ባራቲየሪ፣ አልቤርቶኔ፣ አሪሞንዲ፣ ዳቦርሚዳ። በየተራ ተነስተን እንደ ውዳሴ ማርያም እንወጣቸው ነበር። አንቺ ናቹራል ገባሽና ከዚያ በኋላ ታሪክ የሚባል ነገር አልተማርሽም። ዛሬም እንዲሁ ነው። 11ኛ ክፍል ናቹራል የገባ ልጅ የታሪክ መጽሐፍ አይከፍትም። ነገ ሐኪም የሚሆነው፣ መሐንዲስ የሚሆነው፣ በ16 ዓመቱ ከአገሩ ታሪክ ጋር ይሰነባበታል።

ሌላም የሚያንገበግበኝ ነገር አለ። ልጆቼ ስለ አድዋ የሚያነቡት በእንግሊዝኛ ነው። የጣይቱን፣ የአሉላን፣ የፊታውራሪ ገበየሁን ነገር በባዕድ ቋንቋ ያነባሉ፤ እኔ በአማርኛ አስረዳቸዋለሁ፤ ፈተናው ተመልሶ በእንግሊዝኛ ይመጣል። ጣይቱ መቀሌ ላይ የጣልያንን ምሽግ ውኃ እንዴት እንዳስያዘች ስነግራቸው ዓይናቸው ይበራል። ፈተና ላይ ግን «ውኃ» በእንግሊዝኛ ጠፍቶበት የሚሳሳት ልጅ አለኝ። ታሪኩን ያውቀዋል እኮ!

ልጆቹ አገራቸውን አይወዱም የሚለው ወሬ ግን ውሸት ነው። የካቲት 23 ሲደርስ ብታያቸው! ሹሩባ ተሠርተው፣ ጋሻ ይዘው፣ ፊታቸውን አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ቀብተው ይወጣሉ። ከ2006 ጀምሮ ከአዲስ አበባ አድዋ ድረስ በእግራቸው የተጓዙ ወጣቶች አሉ፤ ከአንድ ወር በላይ መንገድ ነው። በዓሉ የት ይከበር፣ ማን ያክብረው እየተባለ ስንጨቃጨቅ የከረምነው እኛ ትልልቆቹ ነን። የልጆቹን ጭፈራ አልንቅም። የሚያስጨንቀኝ የካቲት 24 ነው። በማግስቱ ክፍል ሲመጡ የሚጠይቁትን ጥያቄ አብዛኞቻችን አንወደውም።

እኔም አልወደድኩትም። ነገሩን ልንገርሽ።

ጥር ላይ የጠላትን ዘመን እያስተማርኩ ነው። ማይጨው፣ የመርዝ ጋዙ፣ የአቡነ ጴጥሮስ መረሸን፣ ከዚያ አርበኞቹ። ጃገማ ኬሎ ጫካ ሲገባ 15 ዓመቱ እንደነበር ስነግራቸው ክፍሉ ጸጥ አለ። 15 ማለት እነሱ ናቸዋ። እርስ በርስ ሲተያዩ አየኋቸው። ያን ጸጥታ እወደዋለሁ፤ ለዚያ ብዬ ነው አስተማሪ የሆንኩት። ያኔ ከኋላ ወንበር አንድ ዝምተኛ ልጅ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ ባንዳ የሆኑት ሰዎችስ ለምን ሆኑ?»

ምን እንዳልኩት ታውቂያለሽ? «ስለ ከሃዲ በኔ ክፍል አይወራም።»

ክፍሉ ሳቀ። አንዱ «ባንዳ!» ብሎ ጮኸበት። ልጁ አንገቱን ደፋ። እኔ ትምህርቴን ቀጠልኩ።

በሳምንቱ የቤት ሥራ ሰጠኋቸው። በጠላት ጊዜ የቤተሰባችሁ ሰዎች የት ነበሩ? ትልቅ ሰው ጠይቃችሁ አንድ ገጽ ጻፉ፣ በአማርኛ። ስልሳ ወረቀት መጣልኝ። አብዛኛው አርበኛ ነው። ቅድመ አያቱ ከራስ አበበ አረጋይ ጋር የዘመተ አለ። የእህል ጉድጓድ ውስጥ ተደብቃ የተረፈች ሴት የልጅ ልጅ ልጅ አለች። የዚያን ልጅ ወረቀት ከሁሉም መጨረሻ አገኘሁት። አራት ቦታ ታጥፏል። ሦስት መስመር ብቻ ነው። «ቅድመ አያቴ የጣልያን አስተርጓሚ ነበር። አባቴ ለማንም አትንገር ብሎኛል። እሱ ባንዳ ከሆነ እኔ ምንድን ነኝ?»

እህቴ፣ ወረቀቱን ይዤ ማድ ቤት ተቀመጥኩ። ሽሮው እሳት ላይ አረረ። አርበኛ መውደድን አስተምራለሁ ስል አንድን ልጅ ከአገሩ ላስወጣው ነበር።

በማግስቱ ቆሜ ይቅርታ ጠየቅኩ። ስለ ወረቀቱ ትንፍሽ አላልኩም። «ባለፈው አንድ ጥሩ ጥያቄ ተጠይቄ መጥፎ መልስ ሰጥቻለሁ፤ ዛሬ እንደገና እንጀምር» አልኳቸው። ያላስተማርኩትን ሁሉ አወጣሁት። አድዋ ላይ ከጣልያን ጎን በሺህ የሚቆጠሩ አስካሪዎች፣ ጣልያን የመለመላቸው የአገሬው ወታደሮች፣ እንደተሰለፉ። ከተማረኩት ውስጥ ወደ 800 የሚሆኑት ቀኝ እጃቸውና ግራ እግራቸው እንደተቆረጠ። የኛው ወገኖች ናቸው፣ የቆረጥነውም እኛ ነን። አንዲት ልጅ ዓይኗ እንባ ሞላ። ድሉን አልጠላችውም ግን። ከክፍል ስንወጣ ተከትላኝ መጥታ «ሌላስ ያልነገርሽን አለ?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ የሚጠይቁኝ ብዛት ሌላ ነው።

የካቲት 12 ሲቃረብ ስድስት ኪሎ ይዣቸው ሄድኩ። መጀመሪያ ሐውልቱ ጋ ቆምን። የዩጎዝላቪያ ቀራጮች በነሐስ የሠሩትን ታስታውሻለሽ፤ የሚገደሉት፣ የሚያለቅሱት። ከዚያ ወደ ገነተ ልዑል፣ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ገባን። እኔና አንቺ ፎቶ የተነሳንበት የትም የማያደርስ ደረጃ አለ አይደል? ጣልያኖች ሙሶሎኒ ሥልጣን ላይ ለቆየበት ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ ደረጃ እያሉ የሠሩት። ልጆቹ ጮክ ብለው ቆጠሩት። ጫፉ ላይ አንበሳው አለ። «ለምን አላፈረሱትም?» አለ አንዱ። ዝምተኛው ልጅ ቀድሞኝ መለሰለት። «ቢፈርስ ማን ያውቀው ነበር? አንበሳውን ከላይ አስቀመጡበት።»

እዚያው ደረጃው ሥር አስቀምጬ የአብርሃ ደቦጭንና የሞገስ አስገዶምን ነገር አወራኋቸው። ሁለቱም ወጣት፣ ሁለቱም ኤርትራዊ። በ1929 በዚያው ግቢ ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ወረወሩ። ከዚያ ሦስት ቀን ሙሉ አዲስ አበባ ሕዝብ ታረደ። ይህን ሁላችንም ተምረናል። እኛ ያልተነገረን አብርሃ ለጣልያን መሥሪያ ቤት ይሠራ እንደነበር ነው። ቋንቋቸውን ያውቃል፣ ደመወዛቸውን ይበላል። «እስከ የካቲት 11 ድረስ ጎረቤቶቹ ምን ይሉት ነበር ትላላችሁ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ማንም አልመለሰም። ያን ልጅ አላየሁትም፣ ሆን ብዬ። ስንመለስ ግን ታክሲ ውስጥ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ።

የቅድመ አያቱን ነገር ነጭ አላደረግኩለትም፣ አላውቀውማ። ሰውየው ክፉ ሠርቶ ሊሆን ይችላል። ልጁ ግን መጠየቅ ይችላል፤ አገሩም አገሩ ናት።

እንግዲህ ወደ ልጅሽ ልምጣ። ለምን አይነግሩንም ላለችው፣ እንዲህ በያት። እነሱም ከታሪካቸው የሚያሳፍራቸውን መስማት አይፈልጉም። የጣልያን መከላከያ ሚኒስቴር በኛ ላይ መርዝ ጋዝ መጠቀማቸውን ያመነው በ1996 በነሱ አቆጣጠር ነው፤ በኛ 1988፣ ልክ አድዋ 100 ዓመት በሞላው ዓመት። በኛ በ2004 ደግሞ አፊሌ በምትባል ከተማቸው ለግራዚያኒ መታሰቢያ ሠሩለት። የመንደር ልጅ ነው እየተባለ። ይህን ስትነግሪያት ግን ክፍል ውስጥ አብረዋት የሚቀመጡትን ልጆች እንድትጠላ አድርገሽ አይሁን። እኔ በዚያ ልጅ ላይ የሠራሁትን አንቺ እንዳትደግሚው።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ቅዳሜ እጇን ይዘሽ ቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ ውረዱ። የጣቢያው አደባባይ «የአምስት መቶዎቹ» ይባላል አይደል? የሐበሻ ሰው ሁሉ እዚያ ይቃጠራል፤ አምስት መቶዎቹ እነማን እንደሆኑ ግን ስንቱ ያውቃል? በ1879 ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ የደመሰሷቸው ናቸው። ከጣቢያው ብዙ ሳይርቅ የነሱ መታሰቢያ የግብፅ ሐውልት አለ፤ ስማቸው ተጽፎበታል። ለገሃር ባቡር ጣቢያ ፊት ያለው አንበሳችን ተሰርቆ የቆመው እዚያው አጠገብ ነበር። ከዓመታት በኋላ ነው የተመለሰልን። ኤርትራዊው ወጣት ዘርዓይ ደረስም በ1929 አንበሳውን ሲያይ ተንበርክኮ ጎራዴውን የመዘዘው እዚያ ነው። ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበር። እኛን ብዙ ፋሺስት ገደለ ብለው ነው ያስተማሩን። መዝገቡ ላይ ያለው ማቁሰሉ ነው። አስረውት ሲሲሊ ውስጥ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ሞተ። ለልጅሽ እንዳለ ንገሪያት። ግድያ ባትጨምሪበትም ልቧን ይነካዋል።

ስሞቹንም ታንብባቸው፣ ጮክ ብላ፤ ጣልያንኛዋ ካንቺ ይሻላል። እነሱም የእናት ልጆች ነበሩ። ከዚያ ፎቶ አንስተሽ በቴሌግራም ላኪልኝ፣ ለተማሪዎቼ አሳያቸዋለሁ። እሷ የምትጠይቀው ካለ በራሷ እጅ ትጻፍልኝ፣ አማርኛዋ ቢሰባበርም ግድ የለም። ያ ዝምተኛ ልጅ መልሱን እኔ ልጻፍላት ብሏል። ካሁኑ ወረቀት ገዝቷል።

እማዬ በርበሬና ሽሮ አስፈጭታ አስቀምጣለች፤ ወደዚያ የሚመጣ ሰው ካለ ንገሪኝ።

እህትሽ