ሰርቨሩ ቢዘጋም ጌሙ ይኑር

ክቡር አዘጋጅ፦

የጌም ኩባንያው ዩቢሶፍት የሠራው «ዘ ክሩ» የተባለ የመኪና ውድድር ጌም ሰርቨር (ጌሙ በኢንተርኔት የሚገናኘው የኩባንያው ኮምፒውተር) መጋቢት 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ሲዘጋ ብቻውን የሚነዳ ተጫዋች እንኳ መግባት አልቻለም። ጌሙ ሲከፈት ፈቃድ የሚጠይቀው ከሰርቨሩ ነበርና ዲስኩ በእጅ ቢኖርም ፋይዳ አልነበረውም። ከፍሎ የገዛ ሰው ባዶ እጁን መቅረቱ ያንገበግባል።

ኔንቲዶ ግን ኅዳር 2017 «ፖኬት ካምፕ» የተባለውን የስልክ ጌም ሲዘጋ አንዴ ብቻ የሚከፈልበት ኦፍላይን (ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ) ቅጂ አወጣ፤ በገንዘብ ይገዙ የነበሩትንም የጌሙ ውስጥ መገበያያ ቲኬቶች እየተጫወቱ በሚገኙ ቶክኖች ተካ። እዚህ ላይ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው፦ የተጫዋቹ መረጃ ወደ ኦፍላይን ቅጂው መዛወር ያለበት በሰርቨሩ ያለው የመረጃ ቋት ሳይደመሰስ ነው። በየጊዜው ከኢንተርኔት የሚወርዱት ምስሎችና ድምፆችም አብረው ካልታሸጉ ጌሙ ቢከፈትም ባዶ ስክሪን ያሳያል። በጌሙ ውስጥ በሙዚቃና በመኪና ስሞች ለመጠቀም ከባለመብቶቹ ጋር ውል ሲፈረም ኦፍላይን ቅጂውም ከመጀመሪያው ይካተት።